ቆጣሪ ሲመጣ በሬው ወንዝ ተሻገረ

(ስለ ይፋት ቆላ ግብር፣ ስለ መንግሥት ወጪና ስለ ቤተ ሰብ ሀብት የታሪክ ማስታወሻ)

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ነው። እኔ ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከአያቴ ቤት አንድ መዝገብ የታቀፈ ወጣት መጣ። በርጩማ ወጣለት፤ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጠና ጥያቄውን ያዥጎደጉደው ጀመር። ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ ማሽላ በላችሁ? ዘይትና ሳሙና በስንት ገዛችሁ? ጣሪያው ሣር ነው ቆርቆሮ? ሬዲዮ አለ? አልጋ አለ? በሬ ስንት፣ ላም ስንት፣ ፍየል ስንት?

አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ኧረ ምን አለንና ልጄ፣ ሁለት ፍየል ናት ያለችን» አሉ። እኔ ደግሞ የልጅ ነገር፣ «አራቱ በሬዎችስ?» ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ቆነጠጡኝ። በሬዎቹ ጎህ ሲቀድ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ተነድተው ሄደው ነበር። ወጣቱ «ሁለት» ብሎ ጻፈ። እንጀራ በላ፣ ቡና ጠጣ፣ ተመርቆ ሄደ። በሬዎቹም ማታ ተመለሱ።

ይህን ታሪክ በቅርቡ ዶርም ውስጥ ለአንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጓደኛዬ ባጫውተው ሳቀና ወዲያው ተቆጣ። «የሀገሪቱን ስታትስቲክስ የሚያበላሹት እንደ አያትህ ያሉት ናቸው» አለኝ። በዚያው ዓመት በመላው ኢትዮጵያ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ቤተ ሰቦች ገቢና ወጪያቸውን ተጠይቀዋል፤ ከዚያ ጥናት የወጣው የድህነት መጠን 23.5 በመቶ ነው፤ በአማራ ክልል 26.1 በመቶ። የድህነት ወለል የተባለው ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፣ ማለትም በቀን 20 ብር እንኳ የማይሞላ። «እንግዲህ በሬ የሚደብቅ ሁሉ ቢደመር ይህ ቁጥር ምን ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የታሪክ ተማሪ መልስ ሲያጣ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እኔም ሄድኩ። ቀጥሎ የማቀርበው የዚያ መንገድ ውጤት ነው። የፈለግሁት ነገር ቀላል ነው፦ ይፋትን እስከ ዛሬ ማን ቆጠረው? ለምንስ ቆጠረው? የተቆጠረውስ ነገር ከተቆጠረ በኋላ የት ገባ?

ይፋት የሚባለው ከሸዋ ደጋ ግርጌ ተነስቶ ወደ አዋሽ ሜዳ የሚወርደው አገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ ብርድ እያንዘፈዘፈው ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ይገባል፤ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን ያወልቃል፤ ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በጥቂት ሰዓት መንገድ ከገብስ አገር ወደ ማሽላና ሽንኩርት አገር የሚወረድበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። ደገኛው ያላትን ቆለኛው የለውም፤ ቆለኛው ያለውን ደገኛው ይፈልጋል። ስለዚህ ገበያ ተፈጠረ። ገበያ ባለበት ደግሞ ቀረጥ ሰብሳቢ ከነጋዴው እኩል ይደርሳል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1285 ዑመር ወላስማ የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት ድል ነስቶ የይፋትን ሥርወ መንግሥት ሲያጸና የያዘው ትልቁ ሀብት እርሻው አልነበረም፤ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የሲራራ ንግድ መንገድ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አረቡ አል ዑመሪ እንደሚነግረን፣ ይፋትን ጨምሮ ሰባቱ የእስላም ግዛቶች ለደጋው ንጉሥ በየዓመቱ ግብር ይገብሩ ነበር፤ ግብሩም ከግብፅ፣ ከየመንና ከኢራቅ የሚመጣ የሐርና የተልባ እግር ጨርቅ ነበር። ልብ በሉ፣ እህል አይደለም፣ ከብት አይደለም። ንጉሡ የወሰደው ቆላው ያመረተውን ሳይሆን በቆላው ያለፈውን ነው። ዐምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 በሰብረዲን ላይ ሲዘምትም ጉዳዩ የሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ የንግዱ በር ቁልፍ በማን እጅ ይሁን የሚለውም ነበር። በዚያ ዘመን ይፋት ለግምጃ ቤት ሀብታም ነበረች። ገበሬዋ ሀብታም ይሁን ድሃ ግን የጠየቀ የለም፤ ጨርቁ ከገባ በቃ።

አምስት መቶ ዓመት ልዝለልና ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ልምጣ። (ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን የገዙ ናቸው።) እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ሸዋ የመንግሥት ገቢና ወጪ ከማውቃቸው ጽሑፎች ሁሉ በአኃዝ ተለይቶ የተቀመጠ ቀደምት ግምት የምናገኘው ከዚያ ዘመን ነው። ግምቱን የጻፈው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1841 አንኮበር የገባው ካፒቴን ሀሪስ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የተፈረመው ውል በእንግሊዝ ሸቀጥ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ እንዲከፈል ይደነግግ ነበር። ሀሪስ ወደ አንኮበር የወጣው በይፋት በኩል ነውና ቆላውን በእግሩ ያውቀዋል። አልዩ አምባን አይቷል፤ ከባሕር የመጣ ጨርቅ፣ ከአፋር የመጣ አሞሌ ጨው፣ ከደጋ የወረደ እህል የሚገናኙበትን ገበያ። ከዚያው አቅራቢያ በአብዱል ረሱል ሰው ራሱ ይሸጥ ነበር። የይፋት ገዥ የጥንቶቹን የወላስማዎች ማዕረግ የወረሰው ወላስማ መሐመድ ነበር፤ የሚቀመጠውም ጎንቾ ነው። ጎንቾ ደግሞ የንጉሡ ወንድሞችና የቅርብ ዘመዶች ለዙፋኑ እንዳያሰጉ የሚታሰሩበት የመንግሥት ወህኒ ነበር። (ዛሬ ሸዋ ሮቢት ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። ይፋትና የመንግሥት እስር ቤት የቆየ ዝምድና አላቸው ማለት ነው፤ የመንግሥት ወጪ ወደ ቆላ ሲወርድ ከሚይዛቸው መልኮች አንዱ ይኸው ነው።)

ሀሪስ እንደ ገመተው የንጉሡ ዓመታዊ ገቢ ከ80 እስከ 90 ሺህ ጠገራ ብር ይደርሳል፤ ወጪው ግን ከ10 ሺህ አይበልጥም። ቀሪው በየዓመቱ እየተጠራቀመ ከመሬት በታች ይቀበራል ይባላል አለ። እንግዲህ ይህን ቁጥር ያየ ሰው፣ «እንዴ! ከገቢው አንድ ስምንተኛውን ብቻ የሚያወጣ መንግሥት!» ማለቱ አይቀርም። የዛሬ የገንዘብ ሚኒስትሮች በምቀኝነት የሚያዩት ሒሳብ ነው።

ነገር ግን ቁጥሩን ቆም ብለን እንየው። ሀሪስ የቆጠረው በጠገራ ብር ሊቆጠር የሚችለውን ነው። በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን ጎተራ የገባውን እህል፣ በየድግሱ የታረደውን ሰንጋ፣ በየጉልበቱ ተገዶ የቤተ መንግሥት እንጨት የተሸከመውን ሰው የት ያስቀምጠዋል? በወጪ በኩልም እንደዚሁ ነው። የሠራዊቱ ደመወዝ ብር አልነበረም፤ መሬትና ራት ነበር። ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቃል። «ግብር» ስንል ገበሬው የሚሰጠው ነው፤ «ግብር በላ» ስንል ደግሞ ወታደሩ በንጉሥ አዳራሽ የሚቀመጥበት ማዕድ ነው። አንድ ቃል ገቢውንም ወጪውንም ይሸከማል። ገበሬው ግብር ይገብራል፣ ንጉሡ ግብር ያገባል፣ ጭፍራው ግብር ይበላል። በዚህ ዙር ውስጥ የማይበላው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እርሱም መጀመሪያ የገበረው። ስለዚህ ሀሪስ «ወጪው ጥቂት ነው» ሲል የተሳሳተ አይመስለኝም፤ ያየው ሳጥኑን ነው፣ ጎተራውን ሳይሆን። አያቴ ዘንድ የመጣው ወጣትም ያየው ሁለት ፍየል ነው።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ከክፉ ቀን በኋላ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰዉ በረሃብ ከረገፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 የአሥራት ሕግ ወጣ። ወታደር በየገበሬው ቤት እየተሠራ እንዳያስጨንቅ ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛ ይስጥ ተባለ። በጊዜው ለገበሬው እፎይታ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ የሚወሰደው ነገር ልክ ተበጀለት። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ይሁን እንጂ አሥራት ለመውሰድ አዝመራውን መገመት ያስፈልጋል፤ ገማቹም ከአውድማው ዳር ቆሞ በዓይኑ የሚለካ ሰው ነው። ገማች የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ መልካም ጠረን የለውም።

ከጣሊያን መባረር በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ጓደኛዬን ዝም ያሰኘሁት በዚህ ክፍል ስለ ሆነ አንባቢ ቢታገሠኝ ደስ ይለኛል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ቁጥር 70 መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከሦስት ከፈለው። ሸዋን ጨምሮ በብዙዎቹ ጠቅላይ ግዛቶች አንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር የመሬት ግብርና በአሥራት ፈንታ 35 ብር፣ በድምሩ 50 ብር እንዲከፍል ተወሰነ። ለም ጠፍ 10 እና 30፣ በድምሩ 40፤ ጠፍ 5 እና 10፣ በድምሩ 15 ብር። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ሸክም ነው። አሥራት በእህል መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ፣ ያውም በቁርጥ ሆነ። ዘመናዊ ነገር!

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ ነው እንጂ ከመዝገብ የወጣ አይደለም። አንድ ባለ መሬት አንድ ጋሻ ለም መሬት አለው እንበል፤ ከዚያ ውስጥ 20 ሄክታሩን ጭሰኞች ያርሱታል፤ ከሄክታር 8 ኩንታል ቢገኝ 160 ኩንታል ነው። አሥራቱ 16 ኩንታል ይሆናል። ኩንታሉ በ10 ብር ቢሸጥ 160 ብር። ባለ መሬቱ ለመንግሥት በአሥራት ፈንታ የሚከፍለው ግን 35 ብር ብቻ ነው። ከጭሰኛው ደግሞ አሥራቱን እንደ ጥንቱ በእህል፣ በሙሉ ይቀበላል። 125 ብሩ የት ሄደ? በመንግሥት ገቢ ሠንጠረዥ ላይ አትፈልጉት፣ አታገኙትም። ይህ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ባላባቱ አሥራትን በዓይነት እየሰበሰበ ለመንግሥት በቁርጥ ገንዘብ መክፈሉ በዘመኑ በሰፊው የታወቀና ብዙ የተጻፈበት ነገር ነው። ከእርሻው ዘርፍ የሚገኘው ቀጥተኛ ግብር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ጠቅላላ ገቢ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም ነበር፤ አብዛኛው የሀገሪቱ ምርት ግን ከእርሻ ነው። እንግዲህ ስታትስቲክሱን ያነበበ የውጭ ኤክስፐርት «የኢትዮጵያ ገበሬ ግብር አይከፍልም» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ገበሬው ግን ከፍሏል። የከፈለው ከሠንጠረዡ ውጪ ላለ ሰው ነው።

በዚህ ላይ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ግብር ታከለ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ የጤና ግብር። ከብት አርቢውም አልቀረለትም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የከብት ግብር አዋጅ ወጣ። በሬን ከወንዝ ማዶ የማሻገር ጥበብ መቼ ተጀመረ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ቀን መቁረጥ አልችልም፤ የአያቴ አባት ግን ቆጣሪ መጣ ሲባል ከብቱን ወደ ቆላው ጫካ መንዳት ያውቁ እንደ ነበር አያቴ ነግረውኛል። ጥበቡ በውርስ የመጣ ነው።

በ1953 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴርም በየጠቅላይ ግዛቱ ጥናት አደረገ፤ በሸዋ ከአራሹ 67 በመቶው በሙሉ ወይም በከፊል ጭሰኛ ነው የሚለው የታወቀ አኃዝ ከዚያ የመጣ ነው። እኛ በየሰልፉ ታሪክ ስናነብ የምናገኘው «መሬት ለአራሹ» ከኋላው ይህን የመሰለ ቁጥር ነበረው። ነገር ግን ይህች 67 ምንድን ናት? መንዝ የርስት አገር ነው፤ አዳ የጭሰኛ አገር ነው፤ የይፋት ቆላ ደግሞ አርሶ አደሩ አማራ፣ ሸማኔና ነጋዴው አርጎባ፣ ከብት አርቢው ኦሮሞና አፋር ጎን ለጎን የሚኖሩበት ነው። ሁሉም ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ 67 ሆነ። በአማካይ ውስጥ ይፋት ሟሟች፣ ጨው ወጥ ውስጥ እንደሚሟሟ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ አሥራት ቀረ። ጎጃም ግን በዚያው ዓመት አመጸ። ገበሬው አዋጁ ምን ያህል ይጠቅመዋል ወይም ይጎዳዋል ብሎ ሒሳብ ከመሥራቱ በፊት «መሬታችንን ሊለኩ ነው» አለ። ሰዎች ይህን ኋላ ቀርነት ይሉታል። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ልኬት ምን እንደሚያስከትል ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። በሸዋ ግብሩን የሚገምቱት ኮሚቴዎች በባለ መሬቶቹ እጅ ስለ ነበሩ አመጽ አላስፈለገም፤ አዋጁ በቀስታ ልፍስፍስ አለ።

ከዚያ የመጣው ረሃብ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲያልቅ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃም አልተረፈም። ግብር ለመሰብሰብ እስከ ጎጆው በር የሚደርሰው መንግሥት፣ የሚሞተውን ለመቁጠር ሲሆን መንገዱ ጠፋው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በኋላ የመጣው ክፉ ነገር አያሳንሰውም። አያቴ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ «አውድማው ላይ እኛ ብቻ ቆምን» ይላሉ። ግን ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ከጊዜ በኋላ ኮታ መጣ። ገበሬው የተመደበበትን ኩንታል መንግሥት በቆረጠው፣ ከገበያ ባነሰ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ይህ በግብር ሠንጠረዥ ላይ ግብር ተብሎ አይመዘገብም፤ «ግዢ» ነው የሚባለው። የገበያውና የኮታው ዋጋ ልዩነት ግን ከገበሬው ኪስ የወጣ ግብር ነው፣ ስሙን ቢለውጡትም። አሁን ገማቹ የባላባቱ ሎሌ ሳይሆን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። ማሽላ ጉድጓድ ገባ፤ ከጉድጓዱም በላይ ጭድ ተከመረ። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ።

በዚህ መሃል ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተደረገ። 42.6 ሚሊዮን ሰው ተገኘ፤ ከተገመተው በብዙ ሚሊዮን የበለጠ። ጦርነት ባለባቸው የኤርትራና የትግራይ ክፍሎች ብዙው ግምት ነበር። ከአምስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1977፣ የረሃቡ ሥዕል ዓለምን አዳረሰ። የመጀመሪያው ሙሉ ቆጠራችንና ትልቁ ረሃባችን በአንድ ክረምት ተገናኙ። ከተቆጠሩት ስንቶቹ በዓመቱ አልነበሩም! ከዚያ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሁለት ቆጠራዎች ተደርገዋል። በ1999ኙ ሸዋ ሮቢት 17,575 ሰው ነበራት። እኔ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከዚያ ቁጥር ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ ብዬ አንዳንዴ እኩራራለሁ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ ታቀደ፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ።

ይህ ተራ ነገር አይደለም። የ2018 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። የ2017ቱ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ነበር። «በጀቱ እጥፍ ሆነ!» ብሎ መደሰት ይቻላል፤ ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በዓመት ውስጥ ከ130 ብር አልፏል። ብሩ ነው ያጠረው እንጂ በጀቱ አይደለም ያደገው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ይህን በጀት ለሰው እናካፍለው ብንልስ? የሀገር ውስጥ ትንበያ ሕዝቡን 110 ሚሊዮን ገደማ ያደርገዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ130 ሚሊዮን ያልፋል። በመጀመሪያው ከሄድን ለአንድ ሰው 17,500 ብር ገደማ፣ በሁለተኛው 14,600 ብር ገደማ ይደርሳል። በነፍስ ወከፍ የሦስት ሺህ ብር ልዩነት የመጣው ስንት እንደ ሆንን ስላላወቅን ነው። አያቴ በሬ ደበቁ ተብለው ሲከሰሱ፣ ሃያ ሚሊዮን ሰው የሸሸገው ማን ነው?

ስለ ትንባሆውም አንድ ነገር ልበል፤ ሮቢት ተነስታ ትንባሆ ሳይነሳ አይቀርምና። የትንባሆ ሞኖፖሉ እርሻ በሮቢት ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖረ ነው። ሲጋራ ለመንግሥት ገቢ ምን ያህል ተወዳጅ እንደ ሆነ ለማወቅ በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ማየት ይበቃል፤ 30 በመቶ፣ በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ፓኮ 8 ብር። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 አርባ በመቶው በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ ተጨማሪ 30.95 በመቶው በ434 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓኑ የትንባሆ ኩባንያ ተሸጠ። በድምሩ 944 ሚሊዮን ዶላር! በፀሐይ ቅጠል የለቀመው የሮቢት ሰው በዚህ ቁጥር ውስጥ የት ጋ ነው? ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አንድም ሳንቲም አልተሸሸገም። አል ዑመሪ ከጻፈው የሐር ጨርቅ ግን በምን ይለያል? ያኔም ሀብቱ በይፋት አለፈ፤ አሁንም አለፈ።

ዛሬ የይፋት ገበሬ ለመሬቱ የሚከፍለው ከሌላው ግብሩ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ግን በየሱቁ ይጠብቀዋል። ደመወዝተኛው እስከ 2,000 ብር ከግብር ነፃ እንዲሆን በ2017 ዓ.ም. ተፈቅዶለታል፤ ለሽንኩርትና ለማሾ አምራቹ ዋጋ ሲወድቅ ነፃ የሚያደርገው ወለል የለም። ማሾ በምርት ገበያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ያየ ሰው አለ፤ በአንድ ክረምት ቆርቆሮ ያለበሰ፣ በሚቀጥለው ቆርቆሮውን የሸጠም አለ። የዳሰሳ ጥናቱ የመጣው ቆርቆሮው ባለበት ዓመት ከሆነ ቤተ ሰቡ ሀብታም ተብሎ ይጻፋል። ያም ሆኖ ውጤቱ የሚታተመው በክልል ደረጃ ነው። ይፋት በ67 ውስጥ እንደ ሟሟች ሁሉ በ26.1 ውስጥም ትሟሟለች።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ታዲያ አንቆጠር ነው የምትለው?» አለኝ። አይደለም። አለመቆጠር ምን እንደሚያመጣ በ1966 አይተናል። የምለው ሌላ ነው፤ የሆነውን ብነግራችሁ ይሻላል።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው የደረሰውን፣ ሮቢትም የቀመሰችውን ታስታውሳላችሁ። በ2014 ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ሮቢት ገባ። ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሳ ተያዘች። እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽተን ነበር። ስንመለስ ከአራቱ በሬ አንድ የለም፤ በዚህ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ያሻገራቸው እኛ አይደለንም። ቤቱ በሩ ተነቅሏል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጠፋ ንብረት የሚመዘግብ ሰው መጣ። እንደገና በርጩማ ወጣለት፤ እንደገና ከግራሩ ሥር። አያቴ እኔን ጠሩኝና፣ «አንተ ተምረሃል፣ ቁጭ በልና ጻፍ» አሉኝ። ሰውየው መዝገቡን ገና ሳይከፍት እርሳቸው ጀመሩ። በሬ አራት፣ ከነስማቸው። ላም ሁለት፣ ጊደር አንድ። ማሽላ አሥራ አንድ ኩንታል፣ ከነዚህም ሦስቱ በጉድጓድ። ማሾ አምስት። ሞፈርና ቀንበር፣ ማረሻ ሁለት። የእንጀራ ምጣድ፣ ጋን፣ የቡና ሙቀጫ። የእናታቸው የብር አምባር። «ጠገራ ብር ሰባት» አሉ ቀጥለው፤ እኔ እንደ ነበራቸው እንኳ አላውቅም ነበር። መዝጋቢው ቀና ብሎ አያቸው።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ነበረዎት?»

«ነበረኝ» አሉ። «ጻፍ ልጄ፣ ሁሉንም ጻፍ።»

ሦስት ገጽ ሞላ። ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ወረቀቱ ወደ ወረዳ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ላይ። ግልባጩ በእኔ እጅ ነው፤ ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከበሬዎቹ ስም በታች የሞላሁት አንድ ክፍት ቦታ አለ፣ «ግምት በብር» የሚል። አያቴን ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና፣ «እሱን እነርሱ ይሙሉት፣ ሲገምቱ የኖሩት እነርሱ ናቸው» አሉኝ። እኔም እንዳሉኝ፣ «በመንግሥት ይሞላ» ብዬ ጻፍኩበት።